ጎረቤት ከማኅበር ሲወጣ ገበያተኛዋ ምን ትሁን?

 

ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ አንድ ሩቅ የሚመስል ነገር ነው። ነገሩ ግን ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ አዳራሻችን ውስጥ ገብቶ ያገኘነው ነው። በ2025 አንድ እሑድ ከእኛ በኋላ አዳራሹን የሚረከቡት የምዕራብ አፍሪካ እኅቶች ሰዓታቸው ሳይደርስ መጡ። እኛም ሻይ እያቀረብን ስለ ነበር ኑ አብረን እንጠጣ አልናቸው። ከመካከላቸው አንዲት የቤኒን ልጅ ስልኳን ጭብጥ አድርጋ ይዛ፣ ፊቷ ጠቁሮ፣ ሻዩን ሳትነካው ቀዘቀዘ። ምነው ብለን ብንጠይቃት በተሰባበረ ዓረብኛ እንዲህ አለችን፦ «እናቴ የኒጀር ሽንኩርት ነጋዴ ናት። ኒጀር ከማኅበሩ ወጣች፤ ድልድዩም ተዘግቷል። ከዚህ የምልከው ገንዘብ የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር፤ አሁን ቤቱ እየበላው ነው።»

ከአጠገቧ የነበረች የጋና ልጅ ደግሞ «እኛ ዘንድ ቲማቲሙ ነው» አለች። አንዲት የእኛ ልጅ ይህን ሰምታ ወደ እኛ ዞር አለችና «እንዴት ነው ታዲያ? መንግሥት ከመንግሥት ቢጣላ የሽንኩርት ነጋዴ ምን አጠፋች?» አለችን። ለዚህች ጥያቄ በዚያን ቀን አጥጋቢ መልስ አልሰጠንም። ስለሆነም ዛሬ ረጋ ብለን ልንመልስ ወደድን። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን፤ የእኛን ስንጽፍ ዓመተ ምሕረት ብለን እንለያለን።

ማኅበሩ ምን ነበር?

በእድር እንመስለው። በሰፈራችን የእድር አባል የሆነ ሰው ወርኃዊውን ይከፍላል፤ በኀዘኑ ጊዜ ድንኳን ይተከልለታል፣ ወንበርና ብረት ድስት ይመጣለታል። የእድር ደንብ የሚጣፍጠው ሰላም ሲሆን ነው፤ የሚፈተነው ደግሞ አባላት የተጣሉ ቀን ነው።

የምዕራብ አፍሪካ አገሮችም እንዲሁ በሜይ 1975 ሌጎስ ላይ ተሰብስበው 15 ሆነው የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ መሠረቱ፤ ኢኮዋስ የሚባለው ይኸው ነው። በ1979 ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር ተስማሙ። የአንዱ አባል አገር ዜጋ ወደ ሌላው አባል አገር ያለ ቪዛ ገብቶ 90 ቀን ሊቆይ ይችላል አሉ። ለአንዲት ቪዛ የደላላ ደጅ ስንጠና የኖርን እኛ ይህ ምን ያህል ነገር እንደ ሆነ እናውቃለን። በተግባር በየኬላው ጉቦ የሚጠይቅ አልጠፋም፤ የሆነ ሆኖ ሴቲቱ ዕቃዋን ተሸክማ ድንበር ስትሻገር «መብቴ ነው» የምትልበት ወረቀት ነበራት።

ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። ማሊ ውስጥ በ2020ና በ2021፣ ቡርኪና ፋሶ ውስጥ በ2022 ሁለት ጊዜ፣ ኒጀር ውስጥ በጁላይ 2023 ወታደሮች ሥልጣን ያዙ። ማኅበሩ ተቆጣ፤ ቀጣ። ሦስቱ አገሮችም በፈንታቸው ተቆጥተው የራሳቸውን የሳህል ኅብረት አቆሙ። በጃንዋሪ 2024 ከኢኮዋስ መውጣታቸውን አስታወቁ፤ በጃንዋሪ 29 ቀን 2025 መውጣታቸው ጸና። የሦስቱ ሕዝብ ቢደመር ከ70 ሚሊዮን በላይ ነው። ሦስቱም እንደ እኛ አገር የባሕር በር የላቸውም። ዕቃቸው የሚገባው በጎረቤቶቻቸው ወደቦች፣ በአቢጃን፣ በዳካር፣ በሎሜ፣ በቴማ፣ በኮቶኑ በኩል ነው።

ጥፋቱ የአንድ ወገን ነውን?

እዚህ ላይ በችኮላ አንፍረድ። «ወጡ፤ እንግዲህ ጥፋቱ የወጪው ነው» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን በ2023 በኒጀር ላይ የተጣለውን ቅጣት እናስታውስ። ድንበር ተዘጋ፤ የመንግሥቱ ገንዘብ ታገደ፤ ናይጄሪያም ትልክ የነበረውን መብራት ቆረጠች። ኒጀር ከምትጠቀመው መብራት 70 በመቶ ያህሉ ከናይጄሪያ የሚመጣ ነበር። ምግብና መድኃኒት የጫኑ መኪናዎች ድንበር ላይ ቆመው ቀሩ፤ የምግብ ዋጋ ናረ፤ ባንክ ቤት ጥሬ ገንዘብ ጠፋ። ቅጣቱ የታሰበው በጄኔራሎቹ ላይ ነበር። በጨለማ ያደረችው ግን አራስዋ ናት፤ ጾሙን ያደረው የቀን ሠራተኛው ነው። ቅጣቱ በፌብሩዋሪ 2024 ሲነሣ ሦስቱ አገሮች እንወጣለን ካሉ ወር ሊሞላቸው ጥቂት ቀናት ቀርተው ነበር።

እንግዲህ ማኅበሩም፣ ወጪዎቹም፣ ሁለቱም በገበያተኛዋ ትከሻ ላይ ቆመው ነው የተጣሉት። «ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» የሚባለው ለዚህ ነው።

የየዕለቱ ጭንቀት

አሁን ወደ ሣሩ እንምጣ። ጋዜጣ ስለ መሪዎች ይጽፋል፤ እኛ ስለ ገበያ ቅርጫት እንጻፍ።

በጋና ገበያዎች ቲማቲም የሚያከፋፍሉ ብርቱ ሴቶች አሉ፤ በአገሩ «ንግሥቶች» ይሏቸዋል። በዓመቱ ውስጥ የአገራቸው ቲማቲም በሚያልቅበት ወራት መኪና ተከራይተው ወደ ቡርኪና ፋሶ ይሄዳሉ፤ ከገበሬው ማሳ ገዝተው በሣጥን ጭነው ይመለሳሉ። ቲማቲም ጠባዩን ታውቃላችሁ፤ ኬላ ላይ ሁለት ቀን ካደረ ውኃ ነው። ለዚህች ሴት ጥያቄዋ «ኅብረቱ ምን ይሆናል» የሚል አይደለም፤ «ዛሬ ማታ ያሳልፉኝ ይሆን?» የሚል ነው።

ሐምራዊው የኒጀር ሽንኩርት በቤኒን፣ በጋና፣ በኮትዲቯር ድስት ውስጥ የታወቀ ነው። ከማሊና ከቡርኪና ፋሶ የሚነዱ ከብቶችና በጎች በዓል በመጣ ቁጥር በአቢጃን ይጠበቃሉ። እዚያው ኮትዲቯር ውስጥ በካካዎ እርሻ፣ በግንባታ፣ በሰው ቤት ሥራ የሚኖሩ የቡርኪናና የማሊ ሰዎች ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው። የእነዚህ ጭንቀት የወረቀት ነው፦ «እስካሁን እንደ ዘመድ ተቆጥሬ ኖሬአለሁ፤ ከነገ ወዲያ እንደ ባዕድ የመኖሪያ ፈቃድ እጠየቅ ይሆን?» ኢቃማዋ ሊያልቅ አሥራ አምስት ቀን የቀራት እኅት ሁሉ ይህን ጭንቀት ያለ አስተርጓሚ ትረዳዋለች።

ተማሪውም ይጨነቃል፤ በዳካር ወይም በኮቶኑ የሚማረው ልጅ እንደ አባል አገር ተማሪ ይቆጠር ወይስ እንደ ውጭ አገር ሰው? ሹፌሩም ይጨነቃል። የአሮጊቷ እናትም ጭንቀት አለ፤ ልጇ ከድንበር ማዶ አግብታለች። ናይጄሪያ ውስጥ ካኖ፣ ኒጀር ውስጥ ማራዲ ብትሄዱ ቋንቋው አንድ ሐውሳ፣ ጎሣው አንድ፣ ሠርጉና ቀብሩ አንድ ነው። ድንበሩ በመካከላቸው ያለፈው እነርሱን ሳይጠይቅ ነው።

በእውነት የሆነው ምንድር ነው?

ወሬ ከእውነት ይሮጣልና እውነቱን ለይተን እናስቀምጥ።

አንደኛ፤ በመውጫው ቀን በር አልተዘጋም። ኢኮዋስ በዚያው በጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ባወጣው መግለጫ የማኅበሩ ምልክት ያለበትን የሦስቱን አገሮች ፓስፖርትና መታወቂያ መቀበል እንዲቀጥል፣ ሰዎቹም ያለ ቪዛ እንዲገቡ፣ ሸቀጣቸውም እንደ ቀድሞው እንዲስተናገድ፣ ይህም ሌላ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ እንዲሆን ለአባላቱ አሳሰበ። ሦስቱም በበኩላቸው የማኅበሩ ዜጎች ያለ ቪዛ መግባት እንደሚችሉ አስቀድመው ተናግረው ነበር። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ መልካም ሥራ የሠራን ማመስገን ይገባል። ያም ሆኖ «ሌላ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ» የምትለዋ ቃል የድሃን እንቅልፍ የምትነሣ ቃል ናት። ማዳም «እስካስወጣሽ ድረስ ተቀመጪ» ብትለን ተረጋግተን ልብሳችንን በቁም ሣጥን እንሰቅላለን?

ሁለተኛ፤ ገንዘቡ አልተለወጠም። ሦስቱ አገሮች ሴፋ ፍራንክ ከሚጠቀሙት የስምንት አገሮች የገንዘብ ኅብረት አልወጡም፤ እርሱ ከኢኮዋስ የተለየ ነው። ስለዚህ ከአቢጃን ወደ ዋጋዱጉ ለእናቷ የምትልክ ልጅ መውጫው በጸናበት ማግስት የላከችው ያንኑ የምታውቀውን ኖት ነው። የብዙ ቤት ምሰሶ እንዳይወድቅ የጠበቀው ይህ ነው ብለን እናምናለን።

ሦስተኛ፤ በማርች 2025 መጨረሻ ሦስቱ አገሮች ከኅብረታቸው ውጭ በሚገባ ሸቀጥ ላይ 0.5 በመቶ ቀረጥ ጣሉ፤ የእርዳታ ዕቃ ብቻ ቀረ። 0.5 በመቶ ማለት ከ100 ብር ላይ 50 ሳንቲም ነው። ትንሽ ናት። ነገር ግን ሳንቲሟን የሚከፍላት በመጨረሻ ማን እንደ ሆነ እናውቃለን። አስመጪው ዋጋው ላይ ይጨምራታል፤ አከፋፋዩም የራሱን ይጨምራል፤ ሱቅ ደርሳ ስትታይ ሳንቲሟ ብር ሆናለች።

አራተኛ፤ ችግር ሁሉ የመውጣት ፍሬ አይደለም። የኒጀርና የቤኒን ድልድይ በማላንቪል በኩል የተዘጋው በ2023 በቅጣቱ ጊዜ ነበር። በ2024 መጀመሪያ ቤኒን ስትከፍት ኒጀር በጸጥታ ምክንያት ብላ ዘግታው ቆየች። ሰዉም በታንኳ የኒጀርን ወንዝ እየተሻገረ፣ ሸቀጡም በቶጎና በቡርኪና ፋሶ ዞሮ፣ በረዘመና አደገኛ በሆነ መንገድ እየገባ ኖረ። በ2025 መገባደጃ በማሊ ነዳጅ የጠፋውም ታጣቂዎች ከሴኔጋልና ከኮትዲቯር የሚመጡትን ቦቴዎች መንገድ ላይ እየጠበቁ ስላቃጠሉ ነው። እንግዲህ «ከማኅበሩ ስለ ወጡ ነው» ብሎ ሁሉን በአንድ ከረጢት መክተት እውነት አይሆንም። ሆኖም ጎረቤት ተኮራርፎ ሳለ ሽፍታ ቢመጣ ማን ይጮኻል? ማንስ ይደርሳል?

እኛም ቀምሰነዋል

ይህን ሁሉ ስናወራ አንዳንዶቻችሁ ልባችሁ ወደ አገር ቤት እንደ ሄደ እናውቃለን። የእኛም ሄዷል።

ኤርትራ በ1997 (በእኛ በ1990 ዓ.ም.) ናቅፋ የሚባለውን የራሷን ገንዘብ አወጣች። እስከዚያ ሁለቱ አገሮች በአንድ ብር ይገበያዩ ነበር። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ከትንሿ የድንበር ንግድ በቀር፣ እርሷም ከ2,000 ብር እንዳትበልጥ፣ ግብይቱ በዶላር ይሁን አለች። የአሰብ ወደብ ነገርም ነበረ። ከዚያም በሜይ 1998 ጦርነት ሆነ። ጦርነቱን ገንዘብ ብቻ አመጣው አንልም፤ የመሬትም የሌላም ጉዳይ ነበረበት። ግን ገበያው ሲዘጋ ሰዉ መተያየት አቆመ፤ መተያየት ሲያቆም መጠራጠር ቀለለው። ይህን በዓይናችን አይተናል።

ዛላምበሳ ላይ መንገዱ የተከፈተው በመስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው፤ 20 ዓመት ካለፈ በኋላ። በዚያን ቀን የነበረውን እልልታና ልቅሶ በስልክ ያላየ የለም። ጤፍ የጫነ መኪና ወደ አስመራ ሄደ፤ የተለያየ ቤተሰብ ተቃቀፈ። ደስታው ግን ዓመት አልሞላም፤ በ2019 የጸደይ ወራት ኬላዎቹ አንድ በአንድ ተዘግተው አልቀው ነበር። መንገዱ ሲከፈት በፊርማ የጸና የንግድና የጉምሩክ ደንብ አልተዘረጋለትም ነበርና ሲዘጋም «በምን ሕግ?» ብሎ የሚጠይቅበት አልነበረም። ኤርትራ የቀጣናችን ማኅበር ከሆነው ከኢጋድም በ2007 ተለይታ፣ በ2023 ተመልሳ፣ በዲሴምበር 2025 እንደ ገና ወጥታለች። ኢጋድ የገበያ ማኅበር ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት ከጠረጴዛ ሲነሣ ግን በሁለቱም ወገን ያለች እናት ልብ ይደነግጣል።

እንግዲህ አሳባችን

እኛ ፖለቲከኞች አይደለንም። ማን ከየትኛው ማኅበር ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚለውን የአገሮቹ ሕዝብ ይወስን። ደንቡ ካልተስማማው ከእድር መውጣት የሰው መብት ነው። ሞሪታንያም በ2000 ከኢኮዋስ ወጥታለች፤ ሰማይ አልተደፋም። እኛ የምንለው፣ ከእድር የወጣ ሰው እሳት አይከለከልም ነው። በአገራችን ጎረቤት ቢኮራረፍ እንኳ ልጅ ፍም ልትለምን ስትመጣ ማንም በር አይዘጋባትም።

ስለሆነም መሪዎች ሲጣሉ ሦስት ነገሮች ከጠባቸው ውጭ ይሁኑ እንላለን። አንደኛው ምግብ፣ መድኃኒትና መብራት ነው፤ እነዚህን መቅጫ ማድረግ ሕፃንን መቅጣት ነው። ሁለተኛው የገበያተኛዋ መንገድ ነው፤ በጀርባዋና በጋሪዋ የምትነግድ ሴት የማንም ጄኔራል አማካሪ አይደለችም። ሦስተኛው የሰው ወረቀት ነው፤ ትናንት በሕግ የገባ ሰው ዛሬ ሕገ ወጥ ተብሎ አይደር። እነዚህም በመግለጫና «እስኪወሰን ድረስ» በሚል ቃል ሳይሆን በተፈረመ ስምምነት ይጽኑ። የዛላምበሳ ትምህርት ይኸው ነው፤ በፈገግታ የተከፈተ በር በኩርፊያ ይዘጋል።

«ይህን እኛ ብንል ማን ይሰማናል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ የሚሰማን መንግሥት የለም። በእጃችን ያለ ነገር ግን አለ።

ባለፈው ዓመት የሆነውን እናስታውሳችሁ። ስድስት እኅቶች ለእሑድ ማረፊያ አንድ ክፍል ተከራይተው ነበር። ከአገር ቤት በመጣ ወሬ ሁለቱ ተጣሉ፤ አራቱም ወገን ለዩ። እቁቡ ፈረሰ፤ ቡታጋዙ ወደ አንዱ ወገን፣ ምጣዱ ወደ ሌላው ወገን ሄደ። ምጣድ ያለ እሳት፣ እሳት ያለ ምጣድ! ሁለት ወር ሙሉ ስድስቱም ከምግብ ቤት ገዝተው በሉ፤ ለቤታቸው የሚልኩት ገንዘብ በዚያ አለቀ። የታረቁት ማን ትክክል እንደ ነበረ ተስማምተው አይደለም፤ እስካሁንም አልተስማሙም። አንዲቱ ታመመችና ሐኪም ቤት የሚያደርሳት ሲጠፋ፣ ምጣዱ ያለበት ወገን መጥቶ አነሣት። ከዚያ ወዲያ ደንብ አወጡ፦ በፈለግነው እንከራከር፤ ቡታጋዝና ምጣድ ግን አይለያዩም። እነሆ ለመንግሥታት የሚበቃ ደንብ ከስድስት የቤት ሠራተኞች!

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የአገር ቤት ጠብ ወደ እቁባችሁ አይግባ። ትግርኛ ተናጋሪዋም፣ አማርኛ ተናጋሪዋም፣ ኦሮምኛ ተናጋሪዋም በአንድ ወረፋ ቆማ ነው ኢቃማ የምትጠይቀው። የፓስፖርታችሁን ገጽ ፎቶ አንሥታችሁ በስልካችሁም፣ በምታምኗት ጓደኛ ስልክም አስቀምጡ፤ የሚያበቃበትን ቀን እወቁ። «ድንበር ሊዘጋ ነው፣ ገንዘብ ሊለወጥ ነው» የሚል ወሬ በሰማችሁ ቁጥር ያጠራቀማችሁትን ለደላላ አታስረክቡ፤ አንድ ሌሊት አሳድሩት፣ የሚያውቅ ጠይቁ።

ያችን የቤኒን ልጅ በዚያን ቀን ምንም ልናደርግላት አልቻልንም። የእኛ ልጆች ግን ዝም አላሉም፤ ኪስ ለኪስ ተፈላልገው በወረቀት ጠቅልለው ሰጧት። ብዙ አልነበረም፤ የልጅዋን የአንድ ወር ክፍያ ያህል ነው። እርሷም በሚቀጥለው እሑድ ቀድማ መጥታ ወንበሩን ሁሉ ደርድራ ጠበቀችን። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው እንዲህ ነው።

በሰላም ያገናኘን።